ሦስቴ ተነቅሎ የሄደው ምኩራብ፦ የዋሽንግተን ዲሲ የመጀመሪያዎቹ አይሁዶች ታሪክ እንዴት ተረፈ

ዲሲ መሀል ከተማ፣ 3ኛ ስትሪትና ኤፍ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ በትልልቅ የመስታወት ሕንፃዎች ተከቦ አንድ ትንሽዬ የጡብ ቤት ቆሟል። ታክሲና ኡበር የሚነዳ የኛ ሰው በዚያ በኩል ሲመላለስ ነው የሚውለው፣ ግን ቤቱ ምን እንደሆነ ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ። በ1876 የተሠራ ምኩራብ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በከተማዋ ውስጥ ከመጀመሪያውም ምኩራብ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ሕንፃ እሱ ነው። ዛሬ የካፒታል አይሁድ ሙዚየም አካል ሆኗል፣ እዚህ ቦታ ላይ ግን አልተሠራም፣ ሦስት ጊዜ ከነግድግዳው ተነስቶ ተጉዞ ነው የመጣው። እንዴት እንደተረፈ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደቀረ ነው እዚህ የማየው፣ ምክንያቱም የስደተኛ ማኅበረሰብ ታሪኩን እንዴት ያቆያል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ኬዝ ዲሲ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ከተማዋ ገና ጭቃና የግንባታ እንጨት በነበረችበት ዘመን፣ በ1795፣ አይዛክ ፖሎክ የሚባል ሰው ከጆርጂያዋ ሳቫና መጥቶ ፔንስልቬንያ አቬኑ ላይ ቤቶች ገነባ፣ በስም የሚታወቅ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነዋሪ እሱ ነው። አንድ ሰው ግን ማኅበር አይሆንም። ለጸሎት የሚበቃ ሰው ተገኝቶ ጉባኤ የተቋቋመው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1852 ነው፣ አብዛኞቹ ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞች ነበሩ፣ የአንዱ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ዋሽንግተን ሂብሩ የሚባለውን ጉባኤ መሠረቱ። ያኔ አንድ ጣጣ ነበረባቸው፣ የከተማዋ ሕግ የሃይማኖት ተቋም ንብረት ስለመያዝ ሲናገር በቤተ ክርስቲያን ልክ የተሰፋ ስለነበር አይሁዶች በጉባኤያቸው ስም መሬት መያዝ መቻላቸው አጠያያቂ ሆነ። ዲሲ ደግሞ እንደሌላው ቦታ የራሷ ስቴት የላትም፣ ስለዚህ አቤቱታው በቀጥታ ለኮንግረስ ሄደ። በ1856 ኮንግረስ ሕግ አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ ፈረመበት፣ የአይሁድ ጉባኤም ክርስቲያኖቹ ያላቸው መብት ሁሉ እንዲኖረው ተደረገ። እስቲ አስቡት፣ አንዲት ትንሽ የሰፈር ጉባኤ ንብረት መያዝ ትችል ዘንድ የሀገር ምክር ቤት ሲሰበሰብ።

ከዚያ የርስ በርስ ጦርነቱ መጣና ከተማዋ በወታደርና በነጋዴ ተሞላች፣ በጥቂት መቶ ይቆጠሩ የነበሩት አይሁዶችም ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ 2,000 ግድም ደርሰው ነበር። ብዙዎቹ 7ኛ ስትሪት አካባቢ ሱቅ ከፍተው ከሱቁ በላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ጨርቅ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ ምናምን ይሸጣሉ። በኋላ ትልቅ የሆነው የላንስበርግ መደብርም በ1860 የተከፈተ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ዋሽንግተን ሂብሩ በ1863 8ኛና አይ ስትሪት ላይ የሜቶዲስቶች የነበረ ቤተ ክርስቲያን ገዝቶ ገባ፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ሕንፃ ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደጋግመን ስለምናይ።

ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ። ጉባኤው ወደ ሪፎርም እያዘነበለ ሄደ፣ ኦርጋን ይግባ፣ ሥርዓቱ ይሻሻል የሚሉት በረቱ፣ የጥንቱን ሥርዓት የያዙት ደግሞ አሻፈረን አሉ። በ1869 ከሠላሳ በላይ የሚሆኑ አባላት ተገንጥለው ወጡና አዳስ እስራኤል የሚባል ጉባኤ አቋቋሙ። (ውጭ ሀገር ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል ያየ ሐበሻ እዚህ ጋ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም።) ተገንጣዮቹ ሀብታሞች አልነበሩም፣ ለሰባት ዓመት ያህል በኪራይና በውሰት ቤት ከቆዩ በኋላ ነው 6ኛና ጂ ስትሪት ጥግ ላይ የራሳቸውን ምኩራብ የሠሩት። ቀለል ያለ የጡብ ቤት ነው፣ ላይኛው ፎቅ የጸሎት አዳራሽ፣ ሴቶቹ ከላይ ሰገነት ላይ የሚቀመጡበት፣ የኦሪት ጥቅልሉ በክብር ሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጥበት፣ ሌላ ብዙ ጌጥ የለውም።

የምረቃው ቀን ግን ጉድ ነው። ጁን 9 ቀን 1876 ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት ራሱ መጣ፣ ልጁንና የሴኔቱን መሪ ቶማስ ፌሪን አስከትሎ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በምኩራብ ምረቃ ላይ ሲገኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ እሱም ብቅ ብሎ አልሄደም፣ ሦስት ሰዓት ያህል የፈጀውን ሥርዓት በዚያ የጁን ሙቀት እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ተከታተለ፣ 10 ዶላርም ለሕንፃው ሰጠ።

ጉዱ ያለው የሰውየው የኋላ ታሪክ ላይ ነው። በዲሴምበር 1862፣ ጄኔራል እያለ፣ ቁጥር 11 የሚባለውን ትእዛዝ ያወጣው ይሄው ግራንት ነው። በጦሩ ቀጠና የጥጥ ኮንትሮባንድ አስቸገረኝ ብሎ አይሁዶችን በጅምላ፣ ነጋዴ ሆነ አልሆነ ሳይለይ፣ ከቴነሲ፣ ከሚሲሲፒና ከኬንታኪ ክፍሎች ውጡ አለ፣ ያውም በ24 ሰዓት ውስጥ። ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ የምትባለው ከተማ የነበሩ ቤተሰቦች ተባረሩ፣ ከነሱ አንዱ ሴዛር ካስከል በቀጥታ ዋሽንግተን ገብቶ ሊንከን ፊት ቆመ፣ ሊንከንም ጃንዋሪ 1863 መጀመሪያ ላይ ትእዛዙን አስሻረው። ግራንት በ1868 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ጉዳዩ ተመልሶ መጣበት፣ እሱም በጻፈው ደብዳቤ መጸጸቱን ገለጸ። ከተመረጠ በኋላም ከሱ በፊት የነበሩት ያላደረጉትን ያህል አይሁዶችን ሾመ፣ የዲሲው ጠበቃ ሳይመን ዎልፍ ለምሳሌ የከተማዋ የንብረት ውል መዝጋቢ ሆኗል። እንግዲህ በ13 ዓመት ተኩል ውስጥ ከመሬቴ ውጡ ያለው ሰው ጸሎት ቤታቸውን ሊመርቅ መጣ ማለት ነው። አስመሳይነት ነው የሚል አለ፣ ከልብ የሆነ ንስሐ ነው የሚልም አለ። እኔ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ያለፈበትን ወንበር አይቼ ከልብ ነው ወደሚለው አደላለሁ፣ ለፎቶ የመጣ ሰው በግማሽ ሰዓት ውልቅ ይል ነበር። የሚገርመኝ ደግሞ ማኅበረሰቡ ይሄን ታሪክ ሲያወራ ትእዛዝ ቁጥር 11ን አለመደበቁ ነው። መደበቅ ቀላል ነበር እኮ፣ ፕሬዚዳንቱ መጣልን ብሎ ፎቶ ሰቅሎ ዝም ማለት። ግን ምረቃው ክብደት ያገኘው በትእዛዙ ምክንያት ነው፣ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ብታስቀር የሚቀርህ ተራ የእንግዳ መዝገብ ነው።

ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ ስደተኛ ሲጎርፍ ቤቱ ጠበበ። አዳስ እስራኤል በ1908 ሁለት ብሎክ ከፍ ብሎ 6ኛና አይ ስትሪት ላይ ባለ ጉልላት ትልቅ ምኩራብ ሠርቶ ገባና አሮጌውን ለአንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ሸጠው። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ቤቱ ያልሆነው ነገር የለም። ላይኛው ፎቅ በተራ ለክርስቲያኖች ተከራየ፣ ቅድስት ሶፊያ የምትባለው የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጸልያበታለች፣ ወንጌላውያንም ጸልየውበታል። ምድር ቤቱ ፀጉር ቤት፣ የሳይክል ቤት፣ ሱቅ፣ በመጨረሻም ምግብ ይዞ መሄጃ ቤት ሆነ። ከውጭ ለሚያየው ምኩራብ የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ ማስታወቂያ የተለጠፈበት አሮጌ ቤት ነው። ሰዉም ከሰፈሩ ለቆ ወደ ላይኛው ሰሜን ምዕራብና ወደ ሜሪላንድ ሄዷል፣ አዳስ እስራኤል ራሱ በ1951 ከ6ኛና አይም ወጥቶ ወደ ክሊቭላንድ ፓርክ ተዛውሯል። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ሁከት የ7ኛ ስትሪት ሱቆች ብዙዎቹ ተቃጠሉ። በዚያን ሰዓት ስለ አንድ የተጎሳቆለ ጡብ ቤት ማን ይጨነቃል?

የተጨነቁ ነበሩ። የኬዙ ዋና ቁልፍ ለኔ እዚህ ጋ ነው። የታላቋ ዋሽንግተን የአይሁድ ታሪክ ማኅበር የሚባል ትንሽ ድርጅት በ1960 ተቋቁሞ ነበር፣ ማለትም አደጋው ከመምጣቱ በፊት። ሰነድ ይሰበስባሉ፣ ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ፣ የትኛው ቤት የማን እንደነበር ያውቃሉ። ስለዚህ የከተማዋ ባቡር ድርጅት፣ ሜትሮ፣ ለዋና መሥሪያ ቤቱ ያንን ብሎክ ሲፈልገውና ቤቱ ሊፈርስ መሆኑ ሲታወቅ፣ ቤቱ ምን እንደሆነ ከዜሮ ጀምሮ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፣ ወረቀቱ በእጃቸው ነበር። በማርች 1969 ሕንፃውን በብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ አስመዘገቡት። ከዚያ ድርድር ገቡ። ቦታው ላይ እንዳለ ማትረፍ አልተቻለም፣ ሜትሮ ብሎኩን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቤቱ ራሱ ይሂድ ተባለ። የከተማው አስተዳደር ሦስት ብሎክ ወዲያ፣ 3ኛና ጂ ስትሪት ላይ፣ ለማኅበሩ በዓመት 1 ዶላር ለ99 ዓመት አከራየው። አዎ፣ አንድ ዶላር።

ዲሴምበር 18 ቀን 1969 ቤቱ ተጭኖ በጂ ስትሪት ቁልቁል ሄደ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 9፣ የሜትሮ ግንባታ በይፋ የተጀመረው እዚያው ሰፈር ጁዲሺየሪ ስኩዌር ላይ ነው፣ እንግዲህ ዛሬ የምንሳፈርበት ባቡር የመጀመሪያውን አፈር ሲቆፍር ምኩራቡ ደግሞ መንገዱን እየለቀቀ ነበር። ታድሶ በ1975 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፣ ስሙም በለጋሾቹ በሊሊያንና አልበርት ስሞል ተሰየመ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ቀርቷል፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ቤቱ ተረፈ፣ ሰፈሩ ግን አልተረፈም። አዲሱ ቦታ መሬቱ ተቆፍሮ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው የ395 ሃይዌይ ጉድጓድ ዳር ነበር፣ ሃይዌዩ ራሱ የሰው ቤት አፍርሶ ያለፈ፣ ጥቁሮችንም የጣሊያን ስደተኞችንም ያፈናቀለ። ጎን ያለችው ሆሊ ሮዛሪ የጣሊያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሰፈሯ ተበትኖ እሷ ቀረች። ምኩራቡም ሱቅ የሌለው፣ ጎረቤት የሌለው፣ መኪና የሚጮህበት ጥግ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ቆመ። ወደዚያ የሚሄደው በቀጠሮ የሚመጣ ጎብኚና የተማሪ ቡድን ነበር።

ሁለተኛው ዙር የመጣው ከሪል እስቴት ነው። ያንን የሃይዌይ ጉድጓድ ከላይ ሸፍኖ በላዩ ሕንፃ የሚሠራ ካፒቶል ክሮሲንግ የሚባል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ፕሮጀክት መጣ፣ ምኩራቡ ደግሞ ፕሮጀክቱ መሀል ተቀምጧል። በ1969 ማኅበሩ ለማኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፣ አሁን ግን የ99 ዓመት ውል አለው፣ ሕንፃው በመዝገብ ላይ ነው፣ ስለዚህ አልሚው ቁጭ ብሎ መደራደር ነበረበት። ውጤቱም ማኅበሩ 3ኛና ኤፍ ላይ ለትልቅ ሙዚየም የሚበቃ ቦታ ማግኘቱ ሆነ። በኖቬምበር 2016 ቤቱ ተነስቶ ለጊዜው ትንሽ ፈቀቅ ተደረገ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በብረት ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2019 ደግሞ ብዙ ጎማ ባላቸው ተሸካሚዎች ላይ ሆኖ ወደ አሁኑ ቦታው ገባ። ክብደቱ ወደ 270 ቶን ይጠጋል። የ140 ዓመት ጡብ መሆኑን አትርሱ፣ አንድ ጥግ በጣት ስፋት ቢዘነብል ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ለዚያ ነው የሚሄደው ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት የሆነው። ጎኑ ላይ አዲስ ዘመናዊ ሕንፃ ተሠርቶ ተያያዘና ሙዚየሙ ጁን 9 ቀን 2023 ተከፈተ፣ ግራንት በመጣበት በዚያው ቀን ማለት ነው፣ ከ147 ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ ፍርዱ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለተጓዘው ቤት ነው፣ ቪዲዮውም ደስ ይላል። እኔ ግን ኬዙን ስመረምር ያልተጓዙት ሁለቱ ቤቶች ይበልጥ ገረሙኝ። አዳስ እስራኤል በ1908 የሠራው ባለ ጉልላቱ ምኩራብ በ1951 ለተርነር ሜሞሪያል ተሸጠ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሃምሳ ዓመት ጸለዩበት። እነሱ ሲወጡ በ2002 ናይት ክለብ ሊሆን ሲል ሦስት አይሁዳውያን ባለሀብቶች፣ ኤብ ፖሊን፣ ሼልተን ዙከርማንና ዳግላስ ጄማል፣ ገዝተው በ2004 እንደገና ምኩራብና የባህል መድረክ አደረጉት። ዋሽንግተን ሂብሩ በበኩሉ የሜቶዲስቶቹን ቤት አፍርሶ 8ኛና አይ ላይ የሠራው ምኩራብ፣ የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ፕሬዚዳንት መኪንሊ የተገኘበት፣ ከ1955 ጀምሮ ግሬተር ኒው ሆፕ የሚባል የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። የዳዊት ኮከቦቹ መስኮቱ ላይ እስከዛሬ አሉ።

ልብ በሉ፣ እነዚህን ሁለቱን ያቆያቸው የታሪክ ማኅበርም መዝገብም አይደለም፣ በየእሁዱ ገብቶ የሚዘምር፣ ጣሪያው ሲያፈስ መባ ሰብስቦ የሚያሠራ ምእመን ነው። ኮከቡን መንቀል ይችሉ ነበር፣ የራሳቸው ንብረት ነው፣ አልነቀሉትም። ጸሎት ቤትን ጸሎት ቤት አድርጎ የተጠቀመበት ሰው አቆየው፣ ምድር ቤቱን ለሱቅ ያከራየ ባለቤት እጅ የገባው ግን ለመፍረስ አንድ ሐሙስ ቀረው። ስለዚህ የዲሲ አይሁዶች የጥንት ታሪክ ሲዘከር ለነዚህ የጥቁር ጉባኤዎች የሚሰጠው ምስጋና ከአንድ አንቀጽ በላይ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ሙዚየም ያለው ወገን ታሪኩን ስለሚጽፍ ሁልጊዜ ጀግናው ሙዚየሙ ይሆናል፣ ይሄ የትም ያለ ነገር ነው።

ማዛወሩስ ትክክል ነበር ወይ? በቅርስ ጥበቃ ሕግ አጥባቂ የሆኑ ሰዎች ከቦታው የተነቀለ ቤት ግማሽ ዋጋውን አጥቷል ይላሉ፣ አነጋገሩም መሠረት አለው፣ 7ኛ ስትሪት ላይ ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ምኩራብ የሚደርስ ሰው የነበረበት ከተማ በዚህ ቤት ውስጥ አይታይም። ግን በ1969 የነበረው ምርጫ በቦታው ማቆየት ወይም ማዛወር አልነበረም፣ ማዛወር ወይም ማፍረስ ነበር። በዚያ ሂሳብ ትክክል ናቸው። ደግሞ ነገሩ ምን ያህል አስቂኝ እንደሆነ እዩ፣ ምኩራቡን ያስነሳው የሜትሮ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሃምሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አላገለገለም፣ ሜትሮ በቅርብ ዓመታት ለቆት ወደ ሳውዝ ዌስት ሄዷል።

ሙዚየሙ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ሜይ 21 ቀን 2025 ማታ፣ በሩ ላይ ሁለት የእስራኤል ኤምባሲ ወጣት ሠራተኞች ከዝግጅት ሲወጡ በጥይት ተገደሉ። ከሳምንት ግድም በኋላ ሙዚየሙ ተመልሶ ተከፈተ። የጥንት ታሪክ ይዘክራል የተባለ ቤት በዚያ ምሽት የዛሬ ታሪክ ውስጥ ገባ፣ አሁን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስለ 1876 ብቻ አስቦ አይገባም።

ለኛስ? ዲሲና አካባቢዋ ያለው ሐበሻ በቁጥር የመጀመሪያዎቹን አይሁዶች ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ዕድሜያችን ግን ገና ነው። ማማ ደስታ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የተከፈተችው በ1978 ነው፣ የከተማዋ የመጀመሪያዋ የሐበሻ ምግብ ቤት። በ80ዎቹ አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ስትሪት ላይ የነበሩት ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ የሉም፣ 9ኛና ዩ ስትሪትም ኪራዩ እየናረ ሰዉ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየሸሸ ነው። አይሁዶቹ ከ7ኛ ስትሪት ወደ ሜሪላንድ የሄዱበትን መንገድ እኛም ይዘነዋል ማለት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኖቻችንም ብዙዎቹ ከሌላ ጉባኤ የተገዙ ወይም የተከራዩ ናቸው፣ ከነሱ በፊት ማን እንደጸለየበት የሚያውቅ ሰበካ ጉባኤ ካለ ደስ ይለኛል።

የ1960ው ማኅበር ሲጀምር ሕንፃ አልነበረውም፣ የነበረው ወረቀትና የሚያስታውስ ሰው ነው። የመጀመሪያው የኪራይ ውል፣ የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ፣ የዕድርና የቁጠባ መዝገብ፣ በ70ዎቹ መጨረሻ የመጡት ሰዎች ድምፅ በስልክ ተቀድቶ፣ ይሄን መሰብሰብ ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም፣ ሰዎቹ ግን እያረጁ ነው። ማስቀመጫ ቦታ የለንም የሚለው ሰበብም አይሠራም፣ 9ኛና ጂ ስትሪት ላይ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ የዲሲን የሰፈር ታሪክ የሚሰበስብ ክፍል አለው፣ ምኩራቡ መጀመሪያ ከቆመበት ጥግ ሦስት ብሎክ ላይ ነው።